ዳኛዋ ያዘዙት ማስታወቂያ

የፍርድ ቤት መጥሪያው እጇ ከገባ ጀምሮ መረዋ ሱቅ ስትሄድ አፏን አትከፍትም፤ ሽንኩርቱንም ሳሙናውንም በጣቷ እያመለከተች ትገዛለች። «ዛሬ ደግሞ ምን ዘጋሽ?» ይላል ባለሱቁ። እሷ ግን ድምጿን የሚያውቅ ሰው እንዳይሰማት ፈርታ ነው።

የማያውቃት የት ተገኝቶ! ሃያ ዓመት ሙሉ በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ስታስተዋውቅ ኖራለች። መረዋ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ሰፈሩ ራሱ ነው። ድምጿ ገና ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ እናቶች ድስታቸውን እሳት ላይ ትተው ይወጡ ነበር። በዚህም፣ ለምን ይዋሻል፣ ትንቀባረር ነበር።

አምና ያስተዋወቀችው የውሃ ማጣሪያ ግን ከተራ ወንፊት የማይሻል ሆኖ ተገኘ። «ውሃው ሳይፈላ ለጨቅላ ይሰጣል» ያለችውን ያመነች አንዲት እናት ልጇ ታሞ ለጥቂት ተረፈላት። ማጣሪያውን የሚሸጠውን ድርጅት ከሰሰች፤ መረዋም በምስክርነት ተጠራች።

«ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለሽም እኮ» አላት ባሏ።

«ነገ ምን እንደሚሉኝ በምን ታውቃለህ?»

«ቢያስሩሽም ለእስረኛው ሁሉ ማጣሪያ ትሸጪለታለሽ» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። የባሰ አስለቀሳት።

ችሎት ላይ የማስታወቂያው ቅጂ ተከፈተ። የገዛ ድምጿ፣ ያ ደስ የሚል ድምፅ፣ አዳራሹን ሞላው። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ ዳኛዋ።

«ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«እውነት መሆኑን ጠይቀዋል?»

«አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኝ ነበር።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ማስታወቂያው ሸማቹን ያሳሳተ ነው፤ ድርጅቱ እናትየዋን ይካስ፣ ማጣሪያውንም ከገበያ ይሰብስብ፤ ውሸቱ በተነገረበት መንገድ ሁሉ እርማቱ ይነገር ተባለ። ዳኛዋ ቀና ብለው መረዋን አዩ። «ሰዉ የሚያምነው የእርስዎን ድምፅ ነው። አላስገድድዎትም፤ ፈቃደኛ ነዎት?»

መረዋ በድንጋይ የሚወገር መኪና ታያት። ዳግመኛ ማንም እንደማይቀጥራትም አወቀች። ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ላይ ወጣች። «ስለ ውሃ ማጣሪያው የነገርኳችሁ ውሸት ነበር። እባካችሁ ውሃችሁን አፍሉ፤ የገዛችሁም መልሱ!»

ድንጋይ የወረወረ የለም። ይልቅ በሮች ተከፈቱ። አንዲት አሮጊት ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ።

«ድምፅሽን ስሰማ እኮ ነው የሮጥኩት! ልጄ ልትወልድልኝ ነው፤ አንድ ማጣሪያ ስጪኝ።»

ከኋላቸው ሌሎችም ቦርሳቸውን እየከፈቱ ይመጣሉ። መረዋ ክው አለች። ችሎት ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ማጉያውን ዘግታ ወረደችና የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

«እማማ፣ አይግዙ። ያኔ የነገርኩዎት ውሸት ነው። ዋሽቼዎታለሁ።»

አሮጊቷ ሳቁ። «ወግ ነው! አንቺ ደግሞ መቼ ትዋሻለሽ?» አሉና ገንዘቡን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።