ከደሃና ወደ ሰፈራ ጣቢያ የሄደችው ፎቶ

ቤቴ እንግዳ ሲመጣ አልበም አወጣለሁ። የሠርጌን ፎቶዎች ሁሉም በትሕትና ያያቸዋል፤ ሰቆጣ እያለሁ የተነሱት ጋ ሲደርስ ግን ወንበሩን ያስጠጋል። አንዷ ላይ አበርገሌ ቆላ ውስጥ ባርኔጣ አድርጌ አህያ ስጎትት እታያለሁ፤ አህያዋ እምቢ ብላ አራት እግሯን ተክላለች። ሌላዋ ላይ ተከራይቼ የኖርኩባት ክፍል አለች፤ የሽቦ አልጋ፣ ከካርቶን የሠራሁት መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ጋዜጣ። ከሁሉም ይልቅ ግን የማወራው አልበሙ ውስጥ ስለሌለች አንዲት የደሃና ቤተሰብ ፎቶ ነው።

ጎበዝ ፎቶ አንሺ አልነበርኩም። ግማሹ ፎቶዬ ላይ የሰው ጭንቅላት ተቆርጧል። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ ያነሳሁትን ሰው ፎቶውን ሳላደርስለት ቀርቼ አላውቅም።

ካሜራዋን የሰጠኝ አሰብ ወደብ ይሠራ የነበረው ወንድሜ ነው። በደርግ ጊዜ በጤና ረዳትነት ተመርቄ ሰቆጣ ስመደብ፣ ደብረ ማርቆስ ያሉት ቤተሰቦቼ የጦርነት አገር ነው ብለው አለቀሱ። እሱ ግን ካሜራዋን ከሁለት ጥቅል ፊልም ጋር ላከልኝና «የምትኖሪበትን አገር አሳዪን» ብሎ ጻፈልኝ። ሰቆጣ የቤት አከራዬ ጨርቅና ጨው የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ። ፊልሙ ሲያልቅ በኮረም በኩል በሚያልፍ ጭነት መኪና ደሴ ላለ ወዳጃቸው ይልኩልኛል፤ ታጥቦ ሲመጣ ደግሞ ሱቃቸው ውስጥ ከጣቃዎቹ ኋላ አስቀምጠው ይጠብቁኛል።

ሥራዬ ክትባት ነበር። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በቅሎ ላይ ጭነን ከመንደር መንደር እንዞራለን። አብረውኝ የሚሄዱት አባቴን የሚያህሉ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔ በአማርኛ የምለውን እሳቸው በኽምጣኛ ለእናቶች ያስረዳሉ።

ደሃና ውስጥ፣ ከሰቆጣ አንድ ቀን ተኩል በእግር በሚያስኬድ መንደር፣ ከሁሉ ቀድሞ ሦስት ልጆቹን ያመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ገበያ መመላለስ አማርኛውን አቅንቶለታል። ልጆቹን ወግቼ ስጨርስ ትከሻዬ ላይ ያለችውን ካሜራ አያት።

«ፎቶ ታነሻለሽ?»

«አነሳለሁ።»

«አምና አንድ ከከተማ የመጣ ሰው አንስቶን ሄዷል። እስካሁን እንጠብቃለን።»

«እኔ አመጣላችኋለሁ።»

«እሱም እንደዚሁ ብሎን ነበር» አለና ሳቀ። እየሳቀም ቢሆን ቤተሰቡን ሊሰበስብ ሄደ።

ሚስቱ የክት ቀሚሷን እስክትለብስ ቆመን ጠበቅን። ልጆቹን በቁመታቸው አሰለፋቸው። ከዚያ እንደገና ሄዶ ቀይ በሬውን እየጎተተ መጣና ከድንጋይ ቤቱ ደጃፍ አጠገቡ አቆመው። ጋሼ «በሬውን ምን አደረግኸው?» ቢሉት «እሱስ ከቤተሰቡ አይደለም እንዴ?» አላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳኋቸው፤ ፊልሜ ሊያልቅ ነበር።

ለፋሲካ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ፋሲካ አለፈ። መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ፊልሜ ደሴ ቀረ። በዚያ ላይ ዝናቡ ጠፋ። ክሊኒካችን በር ላይ የሚሰለፈው ሰው በየሳምንቱ እየበዛ ሄደ፤ እኔም ስለ ፎቶ ማሰብ አቆምኩ። ዓመት ሊሞላው ሲል ሐጂ ከሱቃቸው ጠሩኝና ፖስታ ሰጡኝ። «ያንቺ ሰዎች መጡ» አሉኝ። ከፈትኩት። ባልና ሚስቱ፣ ሦስቱ ልጆች፣ በሬው፤ የማንም ጭንቅላት አልተቆረጠም።

ወደ ደሃና የሥራ ጉዞ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። መንደሩ ስንደርስ ከበሩ ላይ የተቀበለችን ሚስቱ ብቻ ነበረች። ከስታለች። በሬው አልነበረም። ባሏን ስጠይቃት ጋሼን አየቻቸውና በኽምጣኛ ረጅም ነገር ተናገረች። ጋሼ ቀስ ብለው ነገሩኝ። እህል ይሰጣል ተብሎ ከጎረቤቶቹ ጋር ኮረም ወርዶ ነበር። ሰልፍ ላይ እንደቆመ ከሌሎች ወንዶች ጋር መኪና ላይ ጫኑትና ወደ ሰፈራ ወሰዱት። ይህ ከሆነ ስድስት ወር አልፎታል። በጎጃም በስተ ምዕራብ ያለ ቆላ መሆኑን ካመለጠ ሰው ሰምታለች። በሕይወት ይኑር አይኑር ግን የነገራት የለም።

ፎቶውን መስጠት ፈራሁ። ይዤ ልመለስም አልቻልኩም። አውጥቼ ሰጠኋት።

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ከበቧት። ትንሿ ልጅ በጣቷ በሬውን እየነካች ስሙን ጠራችው። እናትየው አላለቀሰችም። ብዙ ካየችው በኋላ መልሳ ዘረጋችልኝ፤ በራሷ አማርኛ፣ ቃል እየመረጠች፦

«ለእሱ ላኪለት።»

«ላንቺ ነው እኮ ያመጣሁት» አልኳት።

«እኔ ቤቴ ነኝ። ልጆቼንም በየቀኑ አያቸዋለሁ። እሱ ነው መኖራችንን የማያውቀው።»

ጋሼ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ የማትችዪውን ነገር አትቀበዪ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው እንዴት ይገኛል?» አሉኝ።

«ይገኛል ጋሼ» አልኳቸው። ጉራ አልነበረም። በሥልጠናው ጊዜ አንድ ክፍል አብራኝ የተኛች ጓደኛዬ በዚያው ቆላ አንድ የሰፈራ ጣቢያ ክሊኒክ ተመድባ ነበር። ጣቢያው ብዙ ቢሆንም ክሊኒኮቹ እንደሚገናኙ አውቃለሁ። ወባ ደግሞ ማንንም አይምርም፤ አንድ ቀን ክሊኒክ መሄዱ አይቀርም።

ደብዳቤውን እዚያው ደጃፍ ላይ ጻፍነው። እሷ ትናገራለች፣ ጋሼ ይተረጉማሉ፣ እኔ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ጋሼ አስቀድመው አስጠነቀቋት፦ «ደብዳቤ ይከፈታል። ና እንዳትዪው፤ እሱንም እኛንም ታስጠይቂናለሽ።»

«ና አልለውም» አለች። «ቤቱን ራሱ ያየዋል።»

ያስጻፈችኝ ይህን ብቻ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። በሬውን ሸጥኩት፣ እንዳትቆጣ። የላይኛው ማሳ ዘንድሮ ጦሙን አደረ። እናትህ አርፈዋል፤ በወጉ ቀብረናቸዋል። እኔ የትም አልሄድኩም።

ሰቆጣ ተመልሼ ፎቶውንና ደብዳቤውን ለጓደኛዬ ከጻፍኩት ጋር አንድ ላይ አሸግሁ። ሐጂም ደሴ ፖስታ ቤት ድረስ የሚያደርስ የታመነ ሾፌር ፈለጉልኝ። ከዚያ በኋላ ጠበቅሁ። በየጊዜው ሱቃቸው ብቅ ስል ሐጂ ገና ሳልጠይቃቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መልሱ ከአምስት ወር በኋላ መጣ። ጓደኛዬ በአራት ክሊኒኮች አጠያይቃ ነበር። በመጨረሻ ከእሷ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ባለ መንደር አገኘችው። ስሙ ሲጠራ አንዳች ጥፋት የተገኘበት መስሎት ፈርቶ ነበር የመጣው። ፎቶውን ስትሰጠው፣ እንደጻፈችልኝ፣ መጀመሪያ ልጆቹን ቆጠረ። ከዚያ ደብዳቤውን አነበበችለት። የእናቱን ሞት ሲሰማ ወደ ውጭ ወጣ፤ ተመልሶ ሲገባ «በሬውንስ ለማን ሸጠችው?» ብሎ ጠየቃት። ከደብዳቤዋ ጋር እሱ ያስጻፋት፣ ደህና መሆኑን የሚናገር አጭር ወረቀት ነበር፤ ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም የአውራ ጣቱ አሻራ አለበት።

የሚቀጥለውን የጉዞ ተራ አልጠበቅሁም። ፈቃድ ጠይቄ ከጋሼ ጋር ሄድን። ስናነብላት ሚስቱ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። አንብበን ስንጨርስ፦

«ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል» አለች።

እውነቷን ነው። የማጽናኛ ወሬ የሚፈጥር ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ከሥር ያለውን አሻራ ጎንበስ ብላ አየችው። ሰማያዊውን ቀለም መሐል ለመሐል አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ሰንጥቃዋለች።

«ማጭድ የቆረጠው ነው» አለች። «ገብስ ስናጭድ። እኔ ነኝ ያሰርኩለት።» ያኔ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ጋሼም አለቀሱ። እኔ ትንሿን ልጅ አቅፌ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አመላልሼላቸዋለሁ። ሦስተኛው መልስ አልመጣም፤ ጓደኛዬም ሰውየው ከመንደሩ እንደጠፋ ጻፈችልኝ። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ስህተት መሰለኝ። ፎቶው አስኮብልሎት መንገድ ላይ ሞቶ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሐጂ «ሰውየው አገሩን ያውቃል፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር።

ሰቆጣ በቆየሁበት የመጨረሻ ዓመት፣ ከአጨዳ በኋላ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከዓመት በላይ ሳንሄድበት የቆየነው ያ መንደር ስደርስ ከድንጋይ ቤቱ በር ላይ ረጅም ሰው ቆሞ አየሁ። ጋሼ በቅሎዋን ለቀው ሮጡ። በዳንግላ፣ በባሕር ዳር፣ በእብናት አድርጎ፣ የቀን ሥራ እየሠራ፣ ክረምቱን የሰው ከብት እየጠበቀ በእግሩ ነበር የመጣው። ከገባ ዓመት አልፎታል። ስለ መንገዱ ጋሼ በጥያቄ ሲያጣድፉት «ሩቅ ነው» ብቻ አለ። ትንሿ ልጅ መጀመሪያ ለብዙ ቀን ፈርታው ከቤት ስትወጣ እንደነበር ግን እየሳቀ አወራን። ከጎረቤት ጋር በሬ አቀናጅቶ የላይኛውን ማሳ አርሶታል። ሚስቱም የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋለች።

ሕፃኑን ለመውጋት መርፌዬን ሳዘጋጅ አባትየው ዐይኑን ጨፈነ። ሕፃኑ ሲጮህ ጭራሽ ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ከግቢው አጥር ማዶ ሆኖ «ጨረሳችሁ?» ይላል።

ሚስቱ ሕፃኑን እያባበለች ሳቋን ለቀቀችው። «እዩትማ! ያን ሁሉ አገር በእግሩ አቋርጦ የመጣ ሰው!»