ሚስ ቬልማ ስታዲየም የገቡባቸው ቅዳሜዎች

በከተማችን በካሮ፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የዓሣ ቤቱ የኋላ ጠረጴዛ የእኛ ነው። የተጠበሰ አምባዛ በበቆሎ ዳቦ እንበላለን፣ በስኳር የጣፈጠ ቀዝቃዛ ሻይ እንጠጣለን፣ ከዚያ ስለ ሽንፈት እናወራለን። አራሾቹ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲያችን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ ያሸነፉበትን ጨዋታ ከተማው በሙሉ በጋራ ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። ሽንፈት ግን የግል ነው። የት ተቀምጠህ እንደነበር፣ በእጅህ ምን ይዘህ እንደነበር፣ መኪናህ ድረስ ከማን ጋር ሳትነጋገር እንደሄድክ አትረሳውም።

ሽንፈት ሁሉ ደግሞ አይቆጠርም። ከእኛ በሚበልጥ ቡድን መሸነፍ በዝናብ እንደመመታት ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። ለወሬ የሚበቃው፣ ማንም የማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ለመሸነፍ ብሎ መጥቶ አሸንፎን የሄደ እንደሆነ ነው። ይህን በተመለከተ ጠረጴዛችን አንድ ደንብ አለው። ስታዲየም ገብተህ በዓይንህ ያላየኸውን ሽንፈት የእኔ ነው ማለት አትችልም። ቴሌቪዥን አይቆጠርም።

ከጠረጴዛው ሰዎች ትንሽ የሚናገሩት ሚስ ቬልማ ስቲደም ናቸው። እስካለፈው ሰኔ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ የከተማው ግማሽ ከእሳቸው ጀርባ ተቀምጦ ያደገ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜም የተማሪዎቹን የማርሽ ባንድ ወደየከተማው ያመላልሱ ስለነበር ስታዲየም የሚገቡት ከስንት አንዴ ነው። የልጅ ልጃቸውን ኮልቢን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱ ቴክሳስ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ልሠራ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀርቷል።

ኮልቢ የአራሾቹ ተጫዋች ነው። የሚጫወትበት ቦታ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ስለሱ ለማውራት ማንም ሳይጠይቀኝ እጀምራለሁ። ኳሱ በእግር ሊመታ ሲል አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ሥራው ያ ብቻ ነው። ዓለምን ተገልብጣ እያየ ይወረውራል፤ ወዲያው ቀና ሲል ግዙፍ ሰዎች ደረቱ ላይ ያርፋሉ። በደንብ ከሠራ ስሙን የሚያውቅ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኖሮ ዘንድሮ ዋናው ወርዋሪ ጉልበቱን ሲጎዳ ተራው ደረሰው። እስካሁን የተጫወተው ግን ሌላ ከተማ ነበር። በራሳችን ሜዳ የሚጫወተው የመጀመሪያው ጨዋታ የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ተመራቂ ስለሆነ የመጨረሻውም እሱው ነው።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ሐሙስ ወሬው እንደተለመደው ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ላማር የራሱን አነሣ። የእኛ ልጅ ኳሱን ይዞ ብቻውን ሮጦ፣ መስመሩን ሳያልፍ ያለፈ መስሎት በደስታ ወርውሮት፣ ተጋጣሚው አንሥቶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሮጠበትን። ጡረተኛው ፋርማሲስት ዶይል የባሰ አለኝ አለ። ጨዋታው ያለቀ መስሎን ሜዳውን ካጥለቀለቅነው በኋላ ዳኛው አንድ ሰከንድ ይቀራል ብሎ ሁላችንንም ወደ ወንበራችን የመለሰበትን። በዚያች ሰከንድ ተሸነፍን። በየመሃሉ ሚስ ቬልማ ዓሣቸውን እየቆረሱ ቀስ ብለው «እኔም ነበርኩ» ይሉ ነበር።

ላማር ሹካውን አስቀመጠ። «ቆይ እስቲ። ሚስ ቬልማ፣ የጭቃው ጊዜስ?»

«ነበርኩ። አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ቀረ።»

«ያ ባንድ እንኳን ይዞ ያልመጣው የቄሶቹ ኮሌጅ ያሸነፈን ጊዜስ?»

«ነበርኩ እንጂ።»

ዶይል በጨዋ ደንብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በጠቅላላው ስንት ጊዜ ገብተው ያውቃሉ?»

ሚስ ቬልማ አሰቡ። አምስት ጊዜ ይሆናል፣ ቢበዛ ስድስት አሉ።

«አሸንፈን ያዩበትስ?»

ሚስ ቬልማ ሻያቸውን በማንኪያ አማሰሉ። «አንዴ አሸንፈናል መሰለኝ» አሉ። «ግን ሆዴን አሞኝ ቀድሜ ወጥቼ ነበር።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ላማር ዓይኑን እየጠረገ፣ ቅዳሜ እቤትዎ ቁጭ ይበሉልን፣ የፔካን ለውዝ ኬክ እኔው ራሴ አመጣልዎታለሁ አላቸው። ዶይል አይስክሬሙን እኔ እጨምራለሁ አለ። ሚስ ቬልማ ግን አልሳቁም፤ ለምን እንዳልሳቁ የገባኝ አብረን ወደ መኪናቸው ስንሄድ ነው።

ቅዳሜ የተመራቂዎች ቀን ነው። ከጨዋታው በፊት እያንዳንዱ ተመራቂ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራና በወላጆቹ ክንድ ተይዞ ሜዳው መሃል ድረስ ይሄዳል። ኮልቢ አብሮት የሚሄድ ሌላ ሰው የለውም።

«በዚህ አላምንም» አሉኝ ቁልፋቸውን እየፈለጉ። «እኔ ማን ነኝና ነው ቡድን የማሸንፈው? ግን ደግሞ ብገባና በእኔ ምክንያት ልጁ በመጨረሻ ጨዋታው ቢሸነፍስ? ብቀር ብቻውን ይቆማል። አንተ የተማርክ ነህ፤ የቱ ነው የሚሻለው?»

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ጠረጴዛው በፌዝ ፕሮፌሰር የሚለኝ ለዚህ ነው። አስቤ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ነገሩ አልለቀቀኝም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ የወደቀውን ፔካን እየለቀምኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ በድንገት ቀና ብዬ ቅርጫቱን ጥዬ መንገዱን ተሻግሬ ፊት ለፊት ወዳለው የሚስ ቬልማ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ነበሩ።

«ትኬቱን ማን ነበር የሚሰጥዎት?» አልኳቸው ሰላምታ እንኳን ሳላስቀድም።

አንዱን ጥርስ ሐኪማቸው፣ አንዱን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሌላውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጡት ባልና ሚስት እንደሆኑ ነገሩኝ። ገዝተው ገብተው አያውቁም።

እንግዲያው ግልጽ ነው አልኳቸው፤ በደስታ ድምፄ ሳይጨምር አልቀረም። ሰው ትኬቱን በነፃ የሚሰጠው መቼ ነው? ጨዋታው የማያጓጓ ሲሆን ነው፤ የሚመጣው ቡድን ደካማ ሲሆን፣ ማሸነፋችን የማይቀር ሲመስል። ጥርስ ሐኪሙ ትልቁን ጨዋታ ራሱ ያያል፣ ትንሹን ለእርስዎ ይሰጣል። አሁን ደግሞ ከሌላው ወገን እንየው። አሳፋሪ ሽንፈት የሚመጣው በየትኛው ጨዋታ ነው? በዚያው በትንሹ ነው፤ በጠንካራ ቡድን መሸነፍ አሳፋሪ አይባልምና። ስለዚህ በነፃ ትኬት ብቻ የሚገባ ሰው፣ የሚያየው ሽንፈት ሁሉ አሳፋሪው ዓይነት ይሆናል። እርስዎ አላመጡትም። የሚመጣበት ቦታ ላይ አስቀመጡዎት እንጂ።

ሚስ ቬልማ አገጫቸውን ይዘው አዳመጡኝ። ሁሉንም ተከትለውታል፤ ከፊታቸው አየሁ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ነገ የምንጫወተው ከማን ጋር ነው?»

የተጋጣሚውን ስም ተናገርኩ። ከሰሜን በኩል የሚመጣ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያሸነፈው።

«የእኔን ትኬትስ ቡድኑ በነፃ አይደል የሰጠኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ» አሉ ሚስ ቬልማ፤ ተነሥተውም ወደ ቤት ገቡ። ያብራራሁላቸው ነገር ከፍርሃታቸው ምኑን እንደቀነሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ሄዱ። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ኮልቢ የሰጣቸውን ጽጌረዳ ይዘው፣ ልጁ ክንዳቸው እንዲደርስለት ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ፣ ሜዳው መሃል ድረስ ሄዱ። የሁለቱም ስም ተጠራ። እኔ ከላይ ሆኜ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ሲመለሱ ግን አጠገቤ አልተቀመጡም።

«ከእሱ ጋር ቆሜያለሁ» አሉኝ። «አሁን መኪናዬ ውስጥ ሆኜ በሬዲዮ ብከታተለው ማንንም አልጎዳሁም። እንዲያ አይሻልም?»

 በሩ ላይ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም የሚል ጽሑፍ አለ። አብሬያቸው ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈልን ሬዲዮ ከፈትን። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ተጋጣሚው ነጥብ አስቆጠረ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ሚስ ቬልማ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እኮ እዚህ ነኝ» አሉ። ፊታቸው ላይ ብርሃን የመሰለ ነገር አለፈ። «እኔ አይደለሁም ማለት ነው።» ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ። «ልጁ እየተሸነፈ ደስ አለኝ እኮ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ደስታው ከሽንፈቱ ሳይሆን ከጥፋት ነፃ ከመሆን የመጣ ነው ብዬ ማስረዳት ጀምሬ ነበር። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰባቸው። ምናልባት ወጥተው ስለሄዱ ቢሆንስ? ሜዳው ላይ ቆመው መውጣታቸው እንደ መግባት ይቆጠራል ወይስ እንደ መውጣት? እኔም ማሰብ ጀመርኩ፤ ሳይንስ አስተማሪው ሰውዬ፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በሙሉ ልቤ።

ይህን ስንል የእኛ ቡድን ኳሱን አርቆ ለመምታት ተሰለፈ። ኮልቢ ወረወረ፤ ኳሱ ተመትቶ ሄደ፤ የተጋጣሚው ሯጭ ተቀብሎት ከሁለት ሰዎች አመለጠ። የሬዲዮው ሰውዬ ድምፅ ከፍ አለ። ከዚያ የግጭት ጫጫታ ተሰማ፣ ሯጩ ወደቀ፤ ሰውዬው ትንፋሹን ሰብስቦ ጠየቀ። «ማነው የጣለው? ሃምሳ ስምንት ቁጥር... ስቲደም። ኮልቢ ስቲደም ነው። እዚሁ የካሮ ልጅ።»

ሚስ ቬልማ የመኪናውን በር ከፍተው ወጡ። ኦቾሎኒው ከጭናቸው መሬት ላይ ተበተነ። አልጠሩኝም፤ ተከተልኳቸው።

የስታዲየሙ በር ላይ ቴረል የሚባል ትከሻው እንደ ቁምሳጥን የሰፋ ዘበኛ ቆሟል። «ሚስ ቬልማ፣ የወጣ አይገባም» አላቸው፣ ኮፍያውን አውልቆ።

«ቴረል፣ ሦስተኛ ክፍል እያለህ አውቶቡሴ ውስጥ ያስታወክኸውን ማን ነው የጠረገልህ?»

ቴረል ግራ ቀኝ አየና በሩን ከፈተ። «እሱስ?» አለ እኔን እያመለከተ።

«እሱ ከእኔ ጋር ነው። ነገር ያብራራልኛል።»

ከዚያ በኋላ ከወንበራቸው አልተነሡም። የእኛ ልጆች ነጥብ በነጥብ እየቀረቡ ሄዱ፤ ሚስ ቬልማ ኮልቢ ጎንበስ ባለ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። በመጨረሻ በሁለት ነጥብ ብቻ ተበልጠን ለመምታት ተሰለፍን። ከገባ ሦስት ነጥብ ነው፤ እናሸንፋለን። ኮልቢ ወረወረ። እንዲያ ያለ ውርወራ አይቼ አላውቅም፤ ቀጥ ብሎ ኳሱን ለመቺው የሚይዘው ልጅ እጅ ውስጥ ገባ። ተመታ። ኳሱ ከጎሉ ምሰሶ በስተቀኝ፣ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ብሎ አለፈ።

ጨዋታው በዚያው አለቀ። ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ላማር ዞረና ሚስ ቬልማን አየ፤ ኮፍያውን አነሣና መልሶ አደረገ። ሰላምታ ይሁን ክስ አልለየሁትም። እሱም የለየው አይመስለኝም። ሚስ ቬልማ ሜዳውን ብቻ ይመለከቱ ነበር፤ እዚያ ኮልቢ የሳተውን ልጅ አንገት አቅፎ ይሄዳል።

ኮልቢ ታጥቦ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ፣ ቦርሳውን ተሸክሞ መኪናው ጋ መጣ። የኋላ ወንበር ላይ እኔ ስለነበርኩ ጉልበቱን አጥፎ ከፊት ገባ። ሚስ ቬልማ ሞተሩን አስነሡ፤ ሰው ሁሉ እኩል ስለወጣ ግን መኪናው ፈቀቅ አላለም።

«እማማ» አላቸው። «ያንን ሰውዬ ስጥለው አየሽኝ?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። እኔ አልናገርባቸውም ነበር።

«አላየሁህም» አሉ። «ሰማሁት።»

«እንዴት ነው የሰማሽው?»

«በሬዲዮ። እዚሁ መኪና ውስጥ ነበርኩ።»

ኮልቢ ወደ እሳቸው ዞሮ ቀረ። ወደ ወንበራቸው ሲያይ እንዳጣቸው፣ ሽንት ቤት የሄዱ መስሎት ደጋግሞ ቀና ሲል እንደነበር ነገራቸው። ለምን እንደወጡ ጠየቃቸው። ሚስ ቬልማ የሐሙሱን ወሬ መንገር ጀመሩ፣ መሃሉ ላይ ጠፋባቸው፤ እኔ ተቀብዬ የነፃ ትኬቱን ነገር አስረዳሁ፤ ከዚያ እኔም ጠፋብኝ። ኮልቢ አንዳችንንም አላቋረጠንም።

«ቆይ፣ ገብተሽ ነበር ወይስ አልገባሽም?» አለ በመጨረሻ።

«ገብቼ ወጣሁ። ወጥቼ ገባሁ።»

«ታዲያ የተሸነፍነው ስትወጪ ነው ስትገቢ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። አንተስ ምን ይመስልሃል?»

«እኔ ምኑ ይገባኛል፣ ተገልብጬ ነው የማየው።»

ሚስ ቬልማ መጀመሪያ ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ። አልሆነም። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ጣቱን መስኮቱ ላይ ያሻሽ ጀመር።

«የሬዲዮው ሰውዬ ምን ብሎ ነው የጠራኝ?» አለ። «በትክክል እንዴት ነው ያለው?»

ሚስ ቬልማ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ፣ ጀርባቸውን አቀኑ፣ ድምፃቸውን አወፈሩ። «ማነው የጣለው?» አሉ፤ ሰውዬው እንዳደረገውም ፋታ ወሰዱ። «ሃምሳ ስምንት ቁጥር... ስቲደም። ኮልቢ ስቲደም ነው። እዚሁ የካሮ ልጅ።»

«እንዲያ ብሎ ጮኸ?»

«ከዚህ በላይ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገሙለት። ከፊታችን ያለው መኪና ከሄደ ቆይቷል፤ ከኋላ ክላክስ ይነፋብን ነበር። ሚስ ቬልማ ሰውዬው ለምን ያህል ጊዜ ፋታ እንደወሰደ ሊያሳዩት እጃቸውን አየር ላይ አንሥተው ይዘዋል።