ጨርቅ የማይነካው መቀስ

በዚያ ፀጉር ቤት ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለው ሦስተኛው ወንበር የትራስ ነው። ትራስ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ደንበኞች ናቸው ያወጡላት። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ በነበረችበት ዘመን ፀጉር ለማጠብ ጎንበስ ስትል የደንበኛዋ ጭንቅላት ሆዷ ላይ ያርፍና እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ነበር። አንዷ ከእንቅልፏ ብንን ብላ «ይሄን ትራስ ወደ ቤት ይዤው ልሂድ?» አለች፤ ስሙ በዚያው ጸና። እሷም አልከፋትም። ያኔ ክረምት ከበጋ ክንዷን ገልጣ፣ እየሳቀች፣ ወንበሩን እየዞረች ነበር የምትሠራው።

በመቀሷ ግን ቀልድ አታውቅም። የፀጉር መቀስ ከፀጉር ሌላ ምንም አይቆርጥም፤ ወረቀት አይቆርጥም፣ ክር አይቆርጥም፣ ጨርቅማ እንዳታስቡት። አንዴ ጨርቅ ከነካ ስለቱ ይዶለዱምና ፀጉሩን መቁረጥ ትቶ ማኘክ ይጀምራል። አጠገቧ የምትሠራው ባልደረባዋ፣ ሁሉ ነገር ስለሚያስቃት ሳቂታ የሚሏት፣ አንድ ቀን በትራስ መቀስ የፎጣ ክር ስትቆርጥ እጅ ከፍንጅ ተይዛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ አላገኘችም።

ከዚያ ጉልበቷ አመፀ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን እግሯ ያብጣል፤ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነው። ሐኪሙ የጉልበቷን ፎቶ ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ አየና፣ «እህቴ፣ ወይ ክብደቱን ትቀንሻለሽ፣ ወይ ቆሞ መሥራቱን ትተያለሽ» አላት። ቆሞ መሥራቱን ትታ ምን ልትሆን? ፀጉር ተቀምጦ አይቆረጥ! ያንን ወንበር ላለማጣት ስትል ስኳሩን ተወች፣ ዳቦውን ተወች፣ ከቤቷ እስከ ሥራዋ በእግሯ መመላለስ ጀመረች። በአሥራ አራት ወር ውስጥ አርባ ሰባት ኪሎ ወረደ። ጉልበቷም ዝም አለ። «እንዴት አደረግሽው?» የማይላት ሰው አልነበረም።

ሥጋው ሲሄድ ቆዳው አብሮ እንደማይሄድ ግን ማንም አልነገራትም። የሆዷስ ይሁን፣ ልብስ ይሸፍነዋል። ክንዷ ነው ጉድ ያፈላው። ከብብቷ እስከ ክርኗ ያለው ቆዳ ሳስቶና ተጨማዶ እንደተሰጣ ፎጣ ተንጠለጠለ። የፀጉር ሠሪ ሥራ ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ክንድን ወደ ላይ ማንሳት ነው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ዓይኗን በመስታወቱ ውስጥ ክንዷ ላይ ተክላ ቆየችና፣ ትራስ ስታያት ደንግጣ አቀረቀረች። ብትናገር ይሻል ነበር። በማግስቱ ትራስ ረጅም እጅጌ ለብሳ መጣች፤ በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ተሰቀለ። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሆና ያላፈረችው ሴት ሰባ አንድ ኪሎ ሆና አፈረች።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፋ። ቆማ እጅጌዋን ትጎትታለች፣ ተቀምጣ ትጎትታለች፣ ሰው ሲያናግራት ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው። ቤት ስትገባ ደግሞ እህቷ አለች። ታናሽ እህቷ ስልክ መጠገኛ ቤት ነው የምትሠራው፤ ስልኩን ከምትጠግንበት ቪዲዮ የምታይበት ሰዓት ይበልጣል።

«እቴ፣ ይቺን ቅባት ሞክሪያት። በሦስት ሳምንት ነው ሰብሰብ የምታደርገው።»

«ያለፈውንም ሦስት ሳምንት ነበር ያልሽው።»

«ያኛው ሌላ ነው! ይሄ እኮ ቀንድ አውጣ አለው።»

«ቀንድ አውጣ ራሱ ቆዳው መቼ ተወጥሮለት ያውቃልና!»

ብላ ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ትቀባለች። ቅባቱን ቀብታ በፕላስቲክ ጠቀለለችው። በደረቅ ብሩሽ ፈተገችው። በቀዝቃዛ ውሃ ነከረችው። ምንም አልተለወጠም አይባልም፤ ቆዳው ለሰለሰ። ተንጠልጥሎ ለሰለሰ። በመጨረሻ እህቷ ከብብት እስከ እጅ አንጓ ድረስ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ የላስቲክ እጅጌ አመጣችላትና ትራስ እሱን ከሸሚዟ ሥር መልበስ ጀመረች። ከውጭ ሲያዩት ክንዷ አማረ። ከውስጥ ጣቶቿ እየደነዘዙ ነበር።

ቆዳ ሐኪም ዘንድም ሄደች። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ቢሆንም አታባብልም። «ቅባት ላዩን ያርሰዋል እንጂ አይሰበስበውም» አለቻት። «ለብዙ ዓመት የተለጠጠ ቆዳ ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው አይመለስም፤ ቶሎ ሲቀነስ ደግሞ ይብሳል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለትዎ ነው?»

«እንደዚያም ማለት ይቻላል» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። «ግን ጥፋት አልሠሩም፤ ጉልበትዎን አድነዋል። አሁን ከበድ ያለ ነገር እያነሱ ጡንቻ ያዳብሩ፤ ከሥር ጥቂት ይሞላዋል። እንቁላሉን፣ ባቄላውን በደንብ ይብሉ፤ ክብደትዎም ከፍ ዝቅ አይበል። አንድ ሁለት ዓመት ይታገሱት። ከዚያ በኋላ የተረፈውን የሚያነሳው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። ጠባሳው ከብብት እስከ ክርን ይደርሳል፤ ለስድስት ሳምንት ያህልም ክንድ ወደ ላይ አይነሳም።»

«ስድስት ሳምንት? እኔ እኮ ፀጉር ሠሪ ነኝ!»

«ለዚህ ነው አስቀድሜ የነገርኩዎት።»

እውነቱን ስለነገረቻት ማመስገን ሲገባት ተናደደች። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሞልታ ጠዋት ጠዋት ማንሳት ጀመረች፤ እያነሳች ታያለች፣ እያየች ትነጫነጫለች። ዛሬ የተዘራ ዛሬውኑ አልበቅል ብሏት ነው።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንድ ቅዳሜ እጅጌዋ ቀለም የተበጠበጠበት ሳህን ውስጥ ገባ። እሷ አላየችም። ክንዷን ስታነሳ እጅጌው የደንበኛዋን ጉንጭ ከጆሮ እስከ አፍንጫ በጥቁር ቀለም አሰመረው። ቀለም ደግሞ ፀጉር ላይ ካልሆነ እንዴት እንደሚጸና! ሴትየዋ አለቀሰች። የቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እትዬ የሚሏት፣ ደንበኛዋን ይቅርታ ጠይቃ ሸኘችና ትራስን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«ስንት ጊዜ ነገርኩሽ? እጅጌሽን ሰብስቢ አላልኩም? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ወይ ክንድሽን ገልጠሽ ትሠሪያለሽ፣ ወይ ቀጠሮ መዝጋቢው ጠረጴዛ ጋ ትቀመጫለሽ።»

ትራስ ሰኞ በረጅም እጅጌ መጥታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ሦስተኛውን ወንበር ሳቂታ ደርባ ያዘችው። ያንን ወንበር ላለመልቀቅ ብላ አርባ ሰባት ኪሎ የጣለች ሴት፣ ለአንድ ክንድ ቆዳ ብላ ለቀቀችው። ይሄን ራሷም ታውቀዋለች፤ ማወቋ ነው ያንገበገባት። መቀመጫው እሾህ ሆነባት። ተነስታ መስታወት ትወለውላለች፣ ንጹሑን ፎጣ እንደገና ታጥፋለች፣ ስልክ ሳይጮህ ታነሳለች። መቀሷን ግን ከሽርጧ ኪስ አላወጣችም።

ሐሙስ መምህር የሆነች የቆየች ደንበኛዋ መጣች። ይቺ መምህር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትራስ ሌላ ራሷን ያስነካችው ሰው የለም፤ የባሏን ነገር፣ የልጆቿን ነገር፣ የትምህርት ቤቷን ሐሜት ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ነው የምታራግፈው። ትራስን ጠረጴዛ ጋ ስታያት ክው አለች።

«ምነው? ታመምሽ እንዴ?»

«ጉልበቴን» አለች ትራስ። በዚያ በዳነ ጉልበቷ ዋሸች።

ሳቂታ ለመምህሯ ቀለም ማስለቀቂያውን ቀባቻትና ስልክ ተደውሎላት ወደ ጓሮ ወጣች። ቀለም ማስለቀቂያ ሰዓት ያውቃል፤ ሰዓቱ ካለፈ ፀጉሩንም የራስ ቆዳውንም ያቃጥላል። ትራስ ከጠረጴዛዋ ሆና ደቂቃ ትቆጥራለች። ከጓሮ የሳቂታ ሳቅ ይሰማል። «እባካችሁ፣ ራሴን አቃጠለኝ» አለች መምህሯ።

ትራስ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። መምህሯን ብብቷ ሥር ይዛ ወደ መታጠቢያው ወሰደቻት፤ ውሃውን ከፈተች፣ ጓንት ለማጥለቅ ጊዜ አልነበረም፣ በባዶ እጇ ያንን ነጭ ነገር ከራሷ ላይ ማጠብ ጀመረች። ውሃው ከነማስለቀቂያው በአንጓዋ በኩል ገብቶ ወደ ክርኗ ወረደ። የላስቲኩ እጅጌ ጠጥቶ ያዘው። መጀመሪያ አሳከካት፣ ቀጥሎ ለበለባት። ጥርሷን ነክሳ የመምህሯን ራስ አጥባ እስክትጨርስ ድረስ አላቆመችም።

ስትጨርስ እጅጌውን ለማውለቅ ሞከረች። የራሰ ላስቲክ አይወልቅም። በቀኝ ሳበችው፣ በግራ ሳበችው፣ ጭራሽ ሥጋዋ ላይ ተጣበቀ። ክንዷ እየነደደ ነው። ይሄኔ እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ገባ፤ መቀሷን አወጣችና ከአንጓዋ እስከ ብብቷ ድረስ ሸሚዙንም ላስቲኩንም አንድ ላይ ሸረከተችው። ከዚያ ሌላውን ክንድ። ጨርቁ መሬት ወደቀ፤ ክንዷን ውሃው ሥር አደረገች።

ከጓሮ ስትመለስ በር ላይ የደረሰችው ሳቂታ አፏን ይዛ ቆመች። እትዬም ከጓዳ ወጣች። በሦስቱም መስታወቶች ውስጥ የትራስ ክንድ አለ፤ ቀልቷል፣ ተንጠልጥሏል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። ካስክ ውስጥ ፀጉሯን የምታስደርቅ አንዲት ሴትም ነበረች፤ ካስክ ውስጥ የገባ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ይጮሃል።

«ክንድሽ ምን ሆኖ ነው?» አለች ሴትየዋ፣ መንገድ ላይ እስኪሰማ።

ትራስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ለምትጮህ ሴት በሹክሹክታ አይመለስም።

«ተከራዩ ወጣ!» ብላ ጮኸች። «ቤቱ ባዶውን ቀረ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ሳቂታ አይደለችም፣ መምህሯ ናት። ራሷ እየተንጠባጠበ ከመታጠቢያው ቀና ብላ ሳቀችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ጉልበቴን አልሽኝ እኮ» አለች። «እኔ ያልነገርኩሽ ምን አለ? አንቺ ይቺን ደበቅሽኝ?» ትራስ ይሄኔ አለቀሰች፤ ክንዷን ውሃው ሥር እንዳደረገች አለቀሰች።

እትዬ መሬት ላይ የወደቀውን እጅጌ አነሳችና ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። «ክንድሽን ቅባት ቀቢና ወንበርሽ ጋ ሂጂ» አለች። ትራስ መምህሯን ሦስተኛው ወንበር ላይ አስቀምጣ የፀጉሯን ጫፍ ልታስተካክል መቀሷን አነሳች። መቀሱ ፀጉሩን አልቆረጠም፤ አኘከው። የሳቂታን መቀስ ተውሳ ጨረሰች፤ የራሷን ዱልዱም ኪሷ ውስጥ ከትታ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ቢላና መቀስ የሚስሉት ሽማግሌ ዘንድ ሄደች። ለአሥራ አምስት ዓመት መቀሷን የሚስሉላት እኒህ ሽማግሌ ናቸው። መንገዱን ሙሉ ሰው ሁሉ ያያት መሰላት፤ ክንዶቿን አጣመረች፣ ፈታች፣ መልሳ አጣመረች። የሚያያት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ አንዳንዱ ያይ ነበር።

ሽማግሌው መቀሱን ከፍተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ጨርቅ ተቆርጦበታል።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ማን?»

«እኔው ነኝ።»

«አንቺ! ለመሆኑ ምን ጨርቅ ነው?»

«እጅጌ።»

ይሄኔ ቀና ብለው ክንዷን አዩት። እጇ ሊጎትት ሄደ፤ የሚጎተት አላገኘም። ሽማግሌው ወደ ስለቱ ተመለሱ፤ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ እጅጌ እንዲህ አያደርገውም» አሉ።

«አንድ አይደለም» አለች ትራስ። «የአሥራ አንድ ሸሚዝ፣ ሃያ ሁለት ነው፤ ቤቴ ውስጥ የቀረኝ የለም።»