በአገልግል የመጣች ወፍ

በእኛ ጊዜ ሹመት የፈለገ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ሲባል ደግሞ በር ያለው፣ አጥር ያለው፣ ዘበኛ የሚያመናጭቅበት ደጅ ነው። አቃቂ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ ጸሐፊዎች የነበርነው እኛ ግን ደጅ የጠናነው ረግረግ ውስጥ ነው። ክራቫታችንን አስረን፣ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ጠቅልለን፣ ጭቃ ውስጥ ተገትረን፣ ወፍ እያየን። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ሳስታውሰው እስቃለሁ፤ እስከ ግማሹ ድረስ።

ነገሩን ያመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ፈረንጅ ነው፤ ወፍ ይወዳል። (ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ስለተቀመጥኩ "ይወዳል" እላለሁ፤ ያኔማ "ይወዳሉ" ነበር፣ ያውም ከወገብ ሰበር ብሎ።) ወዶም አያድናት፣ አይበላት፣ ጎጆ ሠርቶ አያኖራት። በሩቅ ማያ መነጽር ያያታል፣ ስሟን ትንሽ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ በቃ። እሑድ እሑድ ጂፑን አስነስቶ ከፋብሪካው በታች ወንዙ ወደሚንጣለልበት ጨፌ ይወርዳል፤ አንዳንዴም እስከ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይዘልቃል። አንድ ጊዜ ለዕረፍት ምጽዋ ወርዶ ሲመለስ "ባሕሩ እንዴት ነው?" ብንለው የነገረን ስለ ወፍ ብቻ ነው። ባሕሩን ያየው አይመስለኝም።

አለቃ የወደደውን መውደድ ማን እንዳስተማረን እንጃ፣ በአንድ ወር ውስጥ ቢሮው በሙሉ ወፍ ወዳድ ሆነ። ከዶሮ በቀር ቀና ብሎ ወፍ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ "እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍ ነፍሴ ነው!" ይል ጀመር። የጂፑ ወንበር ሞልቶ ከኋላ ተጨናንቀን እንጫን ነበር። ሚስቴ ትስቅብኛለች። "ሰው እሑድ አቦን ይሳለማል፤ አንተ ቄጠማ ትሳለማለህ" ትለኛለች።

ቢሆንም የምሄድበትን ምክንያት ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የእቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው። ከቦታው ጋር ቤት አለ፤ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ለክፍል ኃላፊዎች ከተሠሩት አንዱ። ሁለት ክፍል፣ ቧንቧው በር ላይ፣ ሽንት ቤቱ የራስ። እኛ ደግሞ በሰቃ መንደር ውስጥ ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ጀርባ የተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበርን። በጋ መዶሻው፣ ክረምት ጎርፉ። ሽንት ቤቱን ከአሥራ አንድ አባወራ ጋር ነው የምንሻማው። የመጀመሪያ ልጃችን እዚያች እርጥብ ክፍል ውስጥ ተወልዶ፣ አርባ ቀን ሳይሞላው ሳል ይዞት ሞቶብናል። ሚስቴ አሁን እንደገና እርጉዝ ናት። "ሁለተኛውን እዚህ አልወልድም፤ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ከሄድኩም አልመለስም" ብላኛለች። ካለች ታደርገዋለች። ስለዚህ ቤቱን ማግኘት ነበረብኝ። ሰውየው የወደደው ወፍ ባይሆን ጅብም ቢሆን እሑድ እሑድ ጅብ ሳይ እውል ነበር።

ዋናው ተቀናቃኜ ታይፒስቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ገና መነጽሩን ወደ ዓይኑ ሲያነሳ፣ ምኑን እንደሚያይ ሳያውቅ "ግሩም ነው ጌታዬ!" የሚል ሰው ነው። አንድ እሑድ ከሁላችን ቀድሞ "ነጭ ሳቢሳ! ነጭ ሳቢሳ!" እያለ ወደ ረጅሙ የረግረግ ሣር፣ ወደ ፊላው ጠቆመ። እውነትም ከሣሩ መሀል ነጭ ነገር ይታያል። የሒሳብ ሹሙ "አንገቷ ሲያምር!" አለ። እኔም ወደ ኋላ ላለመቅረት "ጫጩት ሳይኖራት አይቀርም" አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አነጣጥሮ ብዙ ቆየ። ከዚያ አወረደውና በአማርኛ "ጥጥ" አለ። ከራሳችን ፋብሪካ ተጥሎ ወንዙ ያመጣው የጥጥ ብጥስጣሽ ነበር። አማርኛ ብዙ ባይችልም ያቺን ቃል ጠንቅቆ ያውቃታል።

ከዚያ ቀን በኋላ በጩኸት እንደማላሸንፍ ገባኝ። እውቀት ያስፈልገኛል። ጨፌው ዳር ላሞቻቸውን የሚያሰማሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መሬቱ የእሳቸው አይደለም፤ ባለመሬቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲሶውን የሚያስጭን ጌታ ነው፣ እሳቸው ጭሰኛው ናቸው። እኛ የማናውቀውን ወፍ ሁሉ እሳቸው በድምጿ ይለያሉ፤ ምን እንደምትበላ፣ የት እንደምትጥል፣ በስንተኛው ወር እንደምትመጣ። ከሌሎቹ ተነጥዬ ጠጋ አልኳቸው። "ኢልማ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ያስተምሩኛል፤ እኔ ደግሞ የሰማሁትን በሚቀጥለው እሑድ እንደ ራሴ እውቀት ለሥራ አስኪያጁ እዘረግፍለታለሁ። ሰውየው ይደነቃል፤ ታይፒስቱ ይቃጠላል። ከማን እንደሰማሁ ግን አንድም ቀን አልተናገርኩም። ምን በወጣኝ!

ሥራ አስኪያጁን እንቅልፍ የነሳችው አንዲት ወፍ ነበረች። ከዶሮ የምታንስ፣ ቡናማ፣ ጭራዋ ሥር ነጭ ያለባት፣ ፊላ ውስጥ ተሸሽጋ የምትጮህ። አራት ወር ሙሉ ድምጿን ሰምቷል፣ አይቷት አያውቅም። ስትጮህ በሆዱ ተኝቶ ጭቃው ላይ ይሳባል፤ ሲጠጋት ጭልጥ ትላለች። ጂፑ ውስጥ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ የዚያ ሁሉ ሠራተኛ አለቃ፣ ሊያለቅስ ምንም አይቀረው። እኔም አሰብኩ። ጌታው የተመኘውን ነገር ይዞ የገባ ሰው ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም። የአባቶቻችን እጅ መንሻ ማር ነበር፣ ሙክት ነበር፣ በቅሎ ነበር። የዚህኛው ጌታ እጅ መንሻ ወፍ ነው፤ ሌላ ምን ምስጢር አለው!

ሽማግሌውን ለመንኳቸው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሞተው ልጅ፣ ስለ ሚስቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ወፍ ሰጥቶ ቤት?" ብለው ሳቁ። ከጥቂት ቀን በኋላ በፈረስ ጭራ ወጥመድ ይዘዋት ጠበቁኝ። አንድ ላባዋ አልተነካም። ብር ባወጣ እጄን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። "ልጅ ለሞተበት ሰው ብዬ ነው" አሉኝ።

ወፏን እግሯን በፋብሪካው ቀይ ክር አሰርኩና የሚስቴን አገልግል ለመንኩ። "ምሳ የምቋጥርበትን ዕቃ! እብደትህ እዚህ ደረሰ?" አለች። ግን ሰጠችኝ። ቤቱን ከእኔ ይልቅ እሷ ትፈልገዋለች።

ሰኞ ጠዋት ሸሚዜን አስተኩሼ፣ አገልግሉን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ አገልግል ምን እንደሆነ ከእሑድ ጉዟችን ያውቃል። "ኦ! ዶሮ ወጥ!" ብሎ ደስ አለው። "ከዶሮ ትበልጣለች ጌታዬ" ብዬ እጅ ነሳሁ። ክዳኑን ከፈተ።

ፊቱ መጀመሪያ በርበሬ መሰለ፤ ከዚያ ደሙ ሁሉ ወረደ። ወፏ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየዋለች። እኔ እንዳጎነበስኩ ምስጋናውን እጠብቃለሁ። መቀስ አንስቶ ክሩን ራሱ ቆረጠው።

"ይቺ አትቆጠርም" አለ።

አልገባኝም። አራት ወር ጭቃ ያስረገጠችን ወፍ ይችው እጁ ላይ ናት! "ጌታዬ፣ ይቁጠሯትና አንድ ብለው ይጻፏት" አልኩ።

"አትቆጠርም! የታሰረች ወፍ፣ አየሁ አይባልም!" ብሎ ጮኸ። "ማን ያዛት?"

ከበሩ ውጭ ታይፒስቱ ማሽኑን መምታት አቁሞ ጆሮውን ጥሏል። ቤቱ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ፤ ሚስቴም ጓዟን ሸክፋ ስትሄድ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። "አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው ጌታዬ፣ ጨፌው ዳር ከብት የሚያግድ። ሊሸጣት ወደ ገበያ ሲወስዳት አግኝቼ ቀማሁት። እርስዎ ያድኗታል ብዬ አመጣኋት።"

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። "ብዙ ይይዛል?"

"በየቀኑ" አልኩ።

ይህችኛዋን ምን አስወጣኝ! የመጀመሪያዋ ትበቃኝ ነበር። ግን እንደ ሰው ሲያየኝ ጊዜ ጣመኝ፣ ጨመርኩለት። ተነስቶ እጄን ጨበጠኝ፤ ከዚያ በፊት ጨብጦኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወፏን ወስደን ጨፌው ዳር ለቀቅናት። ሥራ አስኪያጁ ሃያ እርምጃ ያህል እስክትርቅ ጠበቀ። ከዚያ መነጽሩን አነሳ፣ አያት፣ ደብተሩን አወጣና ጻፋት። አሁን ተቆጠረች። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ያልታየችው ወፍ አሁን ጀርባዋን ሰጥታው ስትሮጥ ታየች። እኔ ምን አገባኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ከባለመሬቱ ጋር ምሳ በላ። ባለመሬቱ ጨፌውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ለፈረንጅ ወዳጅ ደግሞ ጨፌ ምን አላት! ካኪ የለበሰ ዘበኛ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ላም እንዳይገባ፣ ሽማግሌውም ዝር እንዳይሉ ተባለ፣ ወፎቹ እንዲያርፉ። የፋብሪካችን ቱቦ ግን አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ውሃውን ወደዚያው ጨፌ ይለቅ ነበር። እሱን ዝር እንዳትል ያለው የለም።

ቦታውንም ቤቱንም አገኘሁ። ሚስቴ "ምን አድርገህ ነው?" ስትለኝ "ወፍ አመጣሁለት" አልኳት። ለጎረቤቱ ሁሉ እያወራች ስትስቅ ሰነበተች። ቧንቧውን በቀን አሥር ጊዜ ከፍታ ትዘጋዋለች። ልጃችን እዚያ ተወለደ፤ አርባ ቀኑንም አለፈ። ሌላውን አላነሳሁላትም። ታይፒስቱ ወፍ መውደዱን በዚያው ሳምንት ተወ።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጠዋት፣ አዲስ የተቀጠረ ግቢ ጠራጊ ካኪና መጥረጊያ ሊወስድ ወደ ግምጃ ቤቴ ተላከ። ቀና ብል ሽማግሌው ናቸው። ላሞቹ የሚግጡት አጥተው ተሸጠዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ኢልማ ኮ! እዚህ ነህ እንዴ! ቤቱን አገኘህ?"

"አገኘሁ አባባ።"

"ሚስትህስ፣ በሰላም ተገላገለች?"

"ወንድ ልጅ ወለደች።"

"እሰይ! እሰይ!" አሉ። ካኪውን ለበሱት፤ ሰፋቸው። እጅጌውን እየጠቀለሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንድ ነገር ላስቸግርህ። ዘበኛው እንዳለኝ፣ ወፍ ይሸጣል ብሎ ለፈረንጁ በእኔ ላይ ክፉ የተናገረ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። ጠላት የለኝም። አንተ ትቀርበዋለህና ሽማግሌ ሁነኝ። ሰውየው ወፍ ሸጦ አያውቅም፣ ከብቶቹን አስገባለት በልልኝ። ሁለት ጥጆች ቀርተውኛል።"

"እሺ አባባ፣ እነግርልዎታለሁ" አልኳቸው። እስከ ዛሬ አልነገርኩም።

መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መረቁኝ። "ልጅህን ያሳድግልህ፣ ቤትህን ይባርክልህ፣ እንደረዳኸኝ እሱ ይርዳህ" አሉ። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ለእያንዳንዱ "አሜን" አልኩ።