ጋሽ ፍሬን አገር ሲያይ

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት የሠፈሩ ልጆች ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ በሰው መኪና በተሳፈረ ቁጥር ቀኝ እግሩ አርፎ አይቀመጥም፤ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ወንዝ ተሻግሮ፣ ስንት ተራራ ዞሮ፣ «ለመሆኑ ምን አየህ?» ቢሉት መልሱ አንድ ነበር፤ «አስፋልት»። ተሳፋሪው በመስኮት እያየ «ወይ ማማሩ!» ሲል እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ አያውቅም። ምግቡንም የሚበላው እንደዚያው ነበር፤ ቆሞ፣ በጥድፊያ፣ ጎማውን እየቃኘ።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ልጆቹ ተመካክረው፣ «አሁንስ አንተ ተሳፈር» ብለው ከእናታቸው ጋር ባሕር ማዶ ላኩት። የሚስቱ ታናሽ ወንድምና የዱሮ ረዳቱም አብረው ሄዱ። ይህ አማቹ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ የሚበላውን ምሳ፣ የሚታየውን ተራራ ሳይቀር በሰዓት ከፋፍሎ በወረቀት ይዞ የሚዞር። ረዳቱን ደግሞ ሰው ሁሉ አንድሰው ይለዋል፤ አውቶቡሱ ባዶውን ቆሞም እንኳ «አንድ ሰው ብቻ የቀረ!» እያለ ሲጣራ ስለኖረ ነው።

እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ጉዞው ለጋሽ ፍሬን ድካም ብቻ ነበር። የሆቴሉ አልጋ ከልክ በላይ ለስልሶ ወገቡን ሰበረው። ምግቡ ይደረደራል፤ ጣዕሙን ሳይለይ «ተነሡ፣ ሰዓት ደረሰ!» ይባላል። ከሁሉ የከፋው ግን ተሳፋሪነቱ ነው። ትናንት የተከራዩት ሚኒባስ ኩርባ ላይ ሲደርስ «ያዘው!» ብሎ ጮኾ ሾፌሩን አስደንግጦት ነበርና፣ ሚስቱ ዛሬ ጠዋት በሆቴሉ በር ላይ አቆመችው።

«ስማኝ ሰውዬ፣ ዛሬ ለሾፌሩ ትንፍሽ ብትል ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«አንቺን ይንሣኝ!»

«በራስህ ማል! እኔ ምን በወጣኝ?»

በራሱ ማለ።

የዚያን ቀን መንገድ ወደ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበር፤ በሐይቁ ዳር ለስድስት ሰዓት ምሳ ተይዟል። ጋሽ ፍሬን ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ። ሾፌሩ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ዓይኑ የቀላ፣ ቋንቋቸውን የማያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ መስኮት ከፈተ። ጋሽ ፍሬን ልብ አላለውም። ቀጥሎ ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ጉንጩን ጠፍ ጠፍ አደረገ። በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኑ ተከደነ፤ ሲገለጥም ዘገየ። መኪናው ወደ መንገዱ ጠርዝ ተንሸራቶ ተመለሰ። ሌሎቹ በዚያው በኩል ቁልቁል የተዘረጋውን ሸለቆ እያዩ ያደንቃሉ።

ጋሽ ፍሬን የሌለውን ፍሬን ረገጠ። «ተኝቷል!» ብሎ ቢጮህ አማቹ ስልክ ያነሣል። ትናንት ሾፌሩ ዐሥር ደቂቃ ስላረፈደ ብቻ ለመኪናው ባለቤት ደውሎ፣ «ሌላ ጥፋት ካገኛችሁበት አሰናብተዋለሁ» የሚል መልስ ተቀብሏል። ዝም ቢልስ? ገደሉ እዚያው ነው።

«አቁሙልኝ!» አለ።

ሚስቱ ዞራ አፈጠጠችበት። «ምነው ደግሞ?»

«አገሩን ማየት ፈለግሁ።»

«ምኑን?»

«ሸለቆውን። እዩት እስቲ፣ ሲያምር!»

«እግዜር ይማርህ» አለ አንድሰው። «እናንተ፣ አለቃዬ ታሟል።»

ከመንገዱ ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ባልና ሚስት ዓሣ እየጠበሱ ይሸጣሉ። መኪናውን በእጅ ምልክት አስቁመው ሌሎቹ ወደዚያ ሲያመሩ ጋሽ ፍሬን ወደ ሾፌሩ መስኮት ተጠጋ። ቋንቋ የላቸውም። እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው ዘረጋ፣ አንገቱን ጣል አደረገ፣ ድንገት ቀና አለ። ሾፌሩ ክው ብሎ፣ በዓይኑ ወደ አማቹ እያመለከተ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ፍሬን መዳፉን ከጉንጩ ሥር አድርጎ አንድ ጣቱን አሳየው፤ አንድ ሰዓት። ከዚያ ደረቱን መታ፤ ለዚያኛው እኔ አለሁ። ሰውዬው ጥቂት አየውና ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛ።

ዓሣው ትኩስ ነበር፤ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ሎሚ ተጨምቆበታል። ጋሽ ፍሬን ጊዜ ለመግዛት አጥንቱን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።

«ያንን ወንዝ እዩት» አለ ደግሞ። «ድልድዩ ጠባብ ነው። ተሳቢ አያሳልፍም።»

«ይኸ ነው እንግዲህ ውበቱ?» አለች ሚስቱ።

ግማሽ ሰዓት ሲሆን አማቹ ወረቀቱን አጥፎ ተነሣ። ሄዶ በመኪናው መስኮት አየ፤ በንዴት ተመለሰ፤ ስልኩ በእጁ ነው።

«ጋሼ፣ ያንኮራፋል እኮ! እኛ ከፍለን እሱ ይተኛል? አሁኑኑ ነው የምደውለው።»

«ተወው።»

«ለምን እተወዋለሁ?»

ጋሽ ፍሬን የያዘውን አጥንት አስቀመጠ። ድካሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ የመጣበት መሰለ።

«እኔም ተኝቻለሁና። ስድሳ ሁለት ሰው ጭኜ፣ መሪ እንደያዝሁ። ጎማው ጠጠር ላይ ሲወጣ ነው የነቃሁት። አንድሰው ያውቃል፤ ውኃ ማጅራቴ ላይ ደፍቶብኝ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ልጆቼን በምን አሳድግ ነበር?»

አንድሰው አቀርቅሮ ዳቦውን ይቆራርሳል። ሚስቱ ባሏን እንደ አዲስ ሰው አየችው።

«መቼ ነው?»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»

«እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ባሌ መሪ ላይ ድንጋይ ነው እል ነበር።»

«ደከመኝ ብዬ አላውቅም፤ ለማን እላለሁ?»

ሚስቱ የዓሣውን ሳህን ወደ ባሏ አስጠጋች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ቁጭ በል።»

«እትዬ፣ ምሳው ተይዟል…»

«ቁጭ በል አልኩህ! በሰው እንጀራ አትግባ። ይልቅ ዓሣ ይጨምሩልን።»

ተቀመጠ። ስልኩንም ኪሱ ከተተው። ነፋሱ ከሸለቆው ሽቅብ ይነፍሳል፤ ታች የአንድ ገበሬ ማሳ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል።

ሾፌሩ ካንድ ሰዓት በላይ ተኝቶ ነቃ። ፊቱን ታጠበ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለጋሽ ፍሬን ጎንበስ አለለት። ጉዞ ሲቀጥሉ መኪናው በመንገዱ መካከል ቀጥ ብሎ ሄደ። ጋሽ ፍሬን መስተዋቱን ጥቂት ጊዜ ተመለከተ፤ የሚያሳስብ ነገር አጣ። ቀስ በቀስ ራሱ ወደ ሚስቱ ትከሻ ዘመም አለ።

ሐይቁ ከኮረብታው ማዶ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ ሲል አማቹ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጋሼ! ሐይቁ! ቀስቅሽው እንጂ እትዬ፣ ይህን ያህል አገር መጥቶ…»

«ተወው» አለች፤ ፀሐዩ ፊቱ ላይ እንዳያርፍ የመስኮቱን መጋረጃ እየሳበች። «ይተኛበት።»