ሁለተኛው ጩኸት

ፀዳ በምትባል ከተማ በተከራየናት ቆርቆሮ ቤት፣ ብላክ ሜታል የሚባለውን ጩኸታም ሙዚቃ የምንጫወት ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ቴፑ የቀዳውን ነገር፣ ብንሳሳትም ብናስነጥስም፣ አንሰርዝም። ጯሂው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን እየቀዳን ሳለ የአከራያችን እንግዳ፣ ከኮላ ድባ የመጡት ገበሬ አያ መኮንን፣ በሩን ከፍተው ገቡ። ሊቆጡን መስሎኝ ጩኸቴን አቋረጥኩ።

«ለወፍ ነው ለዝንጀሮ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ጩኸቱ ነዋ። ዕድሜዬን ሙሉ ማሽላ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።»

«ለሰው ነው፣ አያ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ሸጋ። ግን በዚህስ ወፍም አይነሳ። ከሆድህ አውጣው፤ እንዲህ» ብለው ጮሁ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ቴፑን ማናችንም አላጠፋነውም ነበር።

ሕግ ሕግ ነው፤ አልሰረዝነውም።

ዛሬም ካሴታችንን የሰማ ሁሉ «ሁለተኛውን ጩኸት ከየትኛው የውጭ ባንድ ተማርከው?» ይለኛል። ኮራ ብዬ ፈገግ እላለሁ።

የእኔ የመጀመሪያው ነው።