ጥበቃው ይተኛል ወይስ አይተኛም?

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ ለሠራተኛዬ የምሰጠውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ስላሳየሁ ተቀጣሁ፤ አንዲት ቃል ያልጻፈው ጎረቤቴ ግን አንድም ቀን ተጠይቆ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው አዲሱ የግብር አዋጅ ወጣ በተባለ ሰሞን፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ሐምሌ ግን አልረሳሁትም። በዕድሜዬ ደርግንም፣ ድርቅንም፣ ባል መቅበርንም አይቻለሁ። በየትኛውም በኩል ብዞር መውጫ ያጣሁት ግን ያኔ ነው።

እኔ የልጅ ልጆች ያየሁ ሴት ነኝ። ጋይንት ውስጥ፣ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የናፍጣ ወፍጮ አለችኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የማስተዳድራት እኔ ነኝ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠርኩት ፊደልና ከዚያ በኋላ በማታ የተማርኩት ጥቂት ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ሰው ሲያታልለኝም አውቃለሁ።

የወፍጮው ጥበቃ አያ ሙላት ይባላል። የቀጠርኩት ቺንጋው ከተሰረቀብኝ በኋላ ነው። ቺንጋ ማለት ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ረጅም ቀበቶ ነው፤ እሱ ከሌለ ድንጋዩ አይዞርም። በአገራችን ሰው ሲቀጠር ከብሩ በፊት የሚነገረው ቀለቡና ማደሪያው ነውና፣ በሽማግሌ ፊት ተነጋገርን። ትንሽ የወር ደመወዝ፣ በየወሩ ግማሽ ኩንታል ስንዴ፣ ማደሪያውም ከሞተሩ ጀርባ ያለችው ክፍል። ያን ጊዜ ሁሉም በቃል ነበር።

ወረቀት ያመጣው የእኔ መታመም ነው። ተኝቼ ሳለሁ ትልቁ ልጄ ለወንድሙ፣ "ያቺን ክፍል ሱቅ ብናደርጋት ታዋጣለች፤ ሽማግሌው ወደ አገሩ ይሂድ" ሲል ሰማሁ። ስድን ምንም ሳልናገር ጸሐፊ አስጠራሁ። "ሙላት ወፍጮዋን እየጠበቀ እስካለ ድረስ፣ እኔ ብሞትም፣ ከዚያች ክፍል የሚያስወጣው የለም፤ በየወሩም ግማሽ ኩንታል ስንዴ ይሰጠዋል" ብዬ አስጻፍኩ። ሦስት ምስክር ፈረመ። አያ ሙላትም አውራ ጣቱን አተመ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አረፈ።

በዚያ ሐምሌ ግን ግብር ለመክፈልና ንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የሠራተኛውንም ስም አልጠራም፤ የሰው ልጅ ነው። "የሠራተኛዎን የቅጥር ውል ይዘው ይምጡ" አለኝ። በኩራት አመጣሁለት። አንብቦ ሲጨርስ ፈገግ አለ።

"እማማ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ደመወዝ ነው።"

ረጋ ብሎ አስረዳኝ፤ እሱን አልክድም። ለሠራተኛ ከደመወዙ በላይ የሚሰጥ ጥቅም፣ ቤትም ይሁን እህል፣ በገንዘብ ተገምቶ ከደመወዙ ላይ ይደመራል፤ በድምሩ ላይ ግብር ይቆረጣል። ቆርጦ ማስገባት ያለበት ደግሞ አሠሪው ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ለሹማቸው ቤትና መኪና እየሰጡ "ደመወዙ ትንሽ ናት" እንዳይሉ ነው አለኝ። ይህን ስሰማ ልክ ነው አልኩ። እኔ ዳኛ ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር።

ከዚያ ግን ክፍሏን በከተማ ኪራይ ዋጋ ገመታት። ደመወዙ ለብቻው ግብር የማይነካው ነበር፤ ክፍሏና ስንዴው ሲደመሩበት አያ ሙላት በአንድ ጊዜ ባለ ደህና ደመወዝ ሆኖ ቁጭ አለ። ሳልቆርጥ ለቆየሁበት ደግሞ መቀጫ አለው ተባልኩ።

"ልጄ፣ ክፍሏን አይተሃታል? በሯ እንኳ በወፍጮው ውስጥ ነው። ሰውየው እዚያ የሚያድረው ሊጠብቅልኝ ነው" አልኩት።

"ይተኛል ወይስ አይተኛም?"

"ይተኛል እንጂ፣ ሰው አይደለም እንዴ!"

"ከተኛ መኖሪያ ነው።"

"እንግዲያው አይተኛም።"

"ካልተኛ አልጋው ምን ይሠራል?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ፣ "ኧረ እማማ፣ ተቀምጦ ያንቀላፋል ይበሉት!" አለ። እኔ አልሳቅሁም።

"እሺ፣ እሱ ድሃ ነው፤ ግብሩን እኔ ልክፈልለት" አልኩ።

"የሚከፍሉለት ግብርም ጥቅም ነው፤ ይደመርበታል።"

"የተደመረበትንም ብከፍልለት?"

"እሱም ይደመራል።"

"መጨረሻው የት ነው ታዲያ?"

"እሱን ኮምፒውተሩ ያወጣዋል" አለኝ።

ካልከፈልኩ ፈቃዱ አይታደስም፤ ካልታደሰ ወፍጮው ይታሸጋል። ከአያ ሙላት ደመወዝ ልቁረጥ ብል ደግሞ እርሻ ላይ ላለው ልጁ የሚልካት ነገር አትተርፈውም። እንዳላስወጣው፣ ቺንጋዬን ማን ይጠብቃል? ቃሌንስ?

ሠራተኛው የጨነቀኝን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማማ፣ ምን አስጨነቀዎት? ውሉን ይቀይሩት። ማደሪያ የሚለውን ያውጡት።"

"ሰውየውን ከክፍሉ ላውጣ?"

"ከክፍሉ ማን አውጡ አለዎት? ከወረቀቱ ነው እንጂ።"

ወረቀቴን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ይርጋን አገኘሁት። ይርጋ ከእኔ ማዶ ወፍጮ ያለው ሰው ነው፤ ሁለት ጥበቃና አንድ ፈጪ አለው፤ ሦስቱም እዚያው በልተው እዚያው ያድራሉ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል።

"የሻረግ፣ አንቺ ፊደል ቆጠርሽ፣ ፊደሉ ደግሞ አንቺን ቆጠረሽ አሉ!" ብሎ ሳቀብኝ።

"ያንተ ጥበቃዎች የት ነው የሚያድሩት?" አልኩት።

"የኔማ ሰማይ ላይ ነው የሚያድሩት። ወረቀት ላይ የሉማ!"

ጃንጥላዬን ዘርግቼ መንገዴን ቀጠልኩ። የተናገረው እውነቱን ነበር።

ወፍጮው ጋ ስደርስ አያ ሙላት ደበሎውን በገመድ ሲያስር አገኘሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር መግባቴን አልሰማም።

"ወዴት ነው?"

"ቤተ ልሔም ደብር ልውረድ እትዬ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ አላጣም። በኔ ሰበብ ወፍጮዎ አይታሸግ።"

"አንተ ብትሄድ ያለፈው ይቀርልኛል? የሚጠይቁኝ እኮ ያለፈውን ጭምር ነው!"

"እንዲያ ከሆነ ወረቀቱን ይቅደዱት።"

"ቀድጄው ስሞት ልጆቼ ያስወጡህ?"

"ልጆችዎ ሲያስወጡኝ ቢያንስ ግብር አልከፍልበትም" አለኝ።

ያን ጊዜ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። የሚያስቅ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ደበሎውን ከእጁ ቀምቼ መልሼ አልጋው ላይ ወረወርኩት። "የተናገርኩትን አልበላም፤ የጻፍኩትንማ እንዴት አድርጌ!" አልኩት።

ልጆቼ ተሰብስበው መጡ። ትልቁ፣ "እማዬ፣ በአንድ ጥበቃ ምክንያት ቤታችን ይዘጋ?" አለኝ። ያቺን ክፍል ለምን እንዳስጻፍኳት እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። "ቤቱ የኔ ነው፤ እስክሞት ጠብቅ" አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አላናገረኝም።

ወፍጮው የታሸገው አርብ ቀን ነው። ገበያ ነውና አህያ ጭኖ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ በቁልፉም ላይ ማኅተም አደረጉ። ሴቶቹ ገብሳቸውን እንደጫኑ ወደ ይርጋ ወፍጮ ተሻገሩ። አንዷ ስታልፍ፣ "አይዞዎት እትዬ" አለችኝ። ያ ቃል ከማኅተሙ ይልቅ አመመኝ።

የክፍሏ በር በወፍጮው ውስጥ ስለሆነ አያ ሙላትም ውጭ ቀረ። አልጋው፣ ደበሎው፣ ዳዊቱ ሁሉ ውስጥ ታሸገ። ቤቴ ና ስለው እምቢ አለኝ። በረንዳው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ፣ ዱላውን ይዞ፣ የታሸገውን በር መጠበቁን ቀጠለ። ጠዋት ብርዱ እጁን አድርቆት ሳየው ተናደድኩ። ንዴቱም ጠቀመኝ። ያለቀሰች ሴት ቤቷ ትቀመጣለች፤ የተናደደች ግን መኪና ትሳፈራለች።

ውሉን በላስቲክ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ ዞን ሄድኩ። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ላከኝ፤ ሌላው ለምሳ ወጣ። እኔ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አልነሳም አልኩ። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ "እማማ፣ ሰዓት አልቋል፤ ነገ ይምጡ" ሲለኝ፣ "አንተስ እዚህ ታድራለህ?" አልኩት። "አዎ" አለኝ። "ታዲያ ኪራይ ትከፍላለህ?" ስለው ግራ ገብቶት ሄደ። በኋላ መነጽር ያደረገች አንዲት ሴት ከቢሮዋ ወጥታ አስገባችኝ። ቁጣዬን ሰምታ ሳይሆን አይቀርም።

ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እስከዚያን ቀን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

"እማማ፣ ሰውየው ጥበቃውን ቢተው ክፍሏ ውስጥ መኖር ይችላል?"

"አይችልም። ለሚጠብቅ ሰው ናት። ውሉም እንዲያ ይላል።"

"ከአልጋው ሌላ ምን አለ ውስጧ?"

"የናፍጣ በርሜል አለ። መለዋወጫ ቺንጋ አለ። ያረጀ ድንጋይ አለ።"

"ከናፍጣው ጋር ነው የሚያድረው?"

"ናፍጣውንም አይደል የሚጠብቀው!"

"ስንዴውስ?"

"ስንዴው የራሱ ነው። ግማሹን ይበላል፤ ግማሹን ለልጁ ይልካል።"

መነጽሯን አስተካከለችና እንዲህ አለችኝ፤ "ክፍሏን የሚፈልጋት ሥራው ነው፤ ስንዴውን የሚፈልገው እሱ ነው። ስለዚህ ክፍሏ አትቆጠርም፤ ስንዴው ግን ይቆጠራል።"

ይህን ስሰማ ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ተነሳልኝ። ስንዴው መቆጠሩ አልከፋኝም። የሰጠሁትን ሰጥቻለሁ፤ ልክ ነው። ደብዳቤ ጻፈችልኝ። የስንዴውን ያለፈ ግብር ከከፈልኩ በኋላ ወፍጮው ተከፈተ፤ አያ ሙላትም ወደ አልጋው ተመለሰ። በስንዴው ምክንያት በየወሩ ከደመወዙ ጥቂት ይቆረጣል። ሲቆረጥበት፣ "ዛሬስ መንግሥት ከኔ ጋር ስንዴ በላ" ይላል። ክፍሏ ግን የእሱ ናት፤ ውሉም እንዳለ አለ።

ግን እውነቱን ልናገር፣ እስካሁን ነፃ የወጣሁ አይመስለኝም። ሠራተኛ ሊቀጥሩ የሚያስቡ ሴቶች አሁን እኔ ዘንድ ይመጣሉ። "እትዬ፣ ውል እናስጽፍ ወይስ በቃል ይቅር?" ይሉኛል። ጻፉ ብላቸው እኔ የደረሰብኝ ይደርስባቸዋል። አትጻፉ ብላቸው ሠራተኛው ነገ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሲጠይቁኝ ነጠላዬን አጣፍቼ ዝም እላለሁ። እኔ ዝም የምል ሴት አልነበርኩም።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ ያን ዕለት ያቺን ባለ መነጽር ሴት ጠይቄያት ነበር። ደብዳቤዬን ተቀብዬ በሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ ተመለስኩና፣ "ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ከእኔ ማዶ ያለው ሰው ሦስት ሠራተኛ ያበላል፣ ያሳድራል። የጻፈው ነገር ስለሌለ አንድ ሳንቲም አልተጠየቀም። እኔ አንዱን ሰው በወረቀት አክብሬ ወፍጮዬ ታሸገ። ይህ ፍርድ ነው?" አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። በመስኮቱ ወደ ዝናቡ ትንሽ አየችና መለሰችልኝ።

"እማማ፣ ፍርድ አይደለም። እሱን አላየነውም፤ ያየነው እርስዎን ብቻ ነው።"